ኪቦርዱን አላውቅም ስለሚል ኮምፒዩተር

በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ በየጽሕፈት ቤቱና በየመንገዱ ዳር ባለው የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ ቤት፣ ዕድሜያቸው ከዐሥር ዓመት ያለፈ፣ አንዳንዶቹም ሃያኛውን የተሻገሩ፣ ነገር ግን ዛሬም በታማኝነት የሚያገለግሉ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ አንድ ቀን ማለዳ ሲከፈት በጥቁሩ ስክሪን ላይ ኪቦርድ እንዳላገኘ የሚናገር አንድ መስመር ጽሑፍ አውጥቶ ቀጥ ሲል፣ ወይም እስከ ይለፍ ቃሉ መጠየቂያ ድረስ በደኅና ከሄደ በኋላ የሚመታለትን ፊደል ሁሉ አልቀበልም ሲል፣ ባለቤቱ ብዙ ሳይመረምር «ኪቦርዱ ተበላሽቷል» ብሎ አዲስ ሊገዛ ይወጣል፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ዝም ሲልበት «እንግዲያውስ ማሽኑ አርጅቷል» ብሎ ሁለተኛውን ፍርድ ይፈርድና፣ ገና ብዙ ዓመት ሊሠራ የሚችለውን ዕቃ ከመጋዘን ጥግ ያስቀምጠዋል። ይህን ሐተታ ለመጻፍ ያነሣሣኝ፣ ሁለቱም ፍርዶች አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምስክር የሚፈረዱ መሆናቸው፣ ምስክሩ ደግሞ የቴክኒክ ትምህርት በሌለው ሰው ዐይን እንኳ ሊታይ የሚችል መሆኑ ነው።

ኪቦርድ ላይ ላዩን ሲያዩት ቁልፎች የተደረደሩበት ተራ ሰሌዳ ቢመስልም፣ በሆዱ ውስጥ የራሱ የሆነ ትንሽ ፕሮሰሰር አለው። ለመቶ አንድ ቁልፍ መቶ አንድ ሽቦ መዘርጋት አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ቁልፎቹ በአግድምና በቁመት በሚተላለፉ መስመሮች መገናኛ ላይ ተቀምጠዋል፤ ይህም ትንሽ ፕሮሰሰር መስመሮቹን ያለ ዕረፍት በየተራ እየዳሰሰ፣ የትኛው አግድም ከየትኛው ቁመት ጋር እንደ ተነካካ ባወቀ ጊዜ የዚያን ቁልፍ መለያ ቁጥር በገመዱ በኩል ወደ ኮምፒዩተሩ ይልካል። አይቢኤም በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመጀመሪያው ፒሲ ላይ 83 ቁልፎች የነበሩት ኪቦርድ በአመዛኙ ተናጋሪ፣ ኮምፒዩተሩም ሰሚ ነበሩ፤ በ1984 እ.ኤ.አ. ከኤቲ ኮምፒዩተር ጋር የመጣው ኪቦርድ ግን ንግግሩን የሁለት ወገን አደረገው፤ ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተሩ ለኪቦርዱ ትእዛዝ ሊሰጠው፣ ኪቦርዱም ትእዛዙን መቀበሉን ሊያሳውቀው ቻለ። ዛሬ በእጃችን ያሉት አሮጌ ማሽኖች ሁሉ ይህን የሁለት ወገን ሥርዓት የወረሱ ናቸው፤ የብልሽቱም ምሥጢር የሚፈታው ከዚሁ ሥርዓት ነው።

የኃይል ቁልፉ ተነክቶ ማሽኑ ሲነሣ፣ ኤሌክትሪኩ በገመዱ በኩል ወደ ኪቦርዱ ይደርሳል፤ ኪቦርዱም አንድ ሴኮንድ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ራሱን መርምሮ፣ በስተቀኝ ከላይ ያሉትን ሦስት መብራቶች አንድ ጊዜ ብልጭ አድርጎ፣ «ደኅና ነኝ» የሚል ትርጉም ያለው አንድ አጭር ምልክት ይልካል። በቅዳሴ ጊዜ ካህኑ ድምፁን አሰምቶ ሕዝቡ ተሰጥዎውን ካልመለሰ ጸሎቱ ወደሚቀጥለው ክፍል እንደማይሻገር ሁሉ፣ ባዮስ የተባለው የኮምፒዩተሩ ቀዳሚ ፕሮግራምም ይህ መልስ ካልደረሰው ብዙ ጊዜ ወደ ፊት አይሄድም፤ ኪቦርድ አላገኘሁም የሚለውን ቃል ጽፎ ይቆማል። ስለዚህ ያ ጽሑፍ የሚናገረው መልሱ ሳይደርስ መቅረቱን ብቻ ነው፤ መልሱ የቀረው ኪቦርዱ ስለ ሞተ ይሁን፣ መንገዱ ስለ ተቋረጠ ይሁን፣ ወይስ ሰሚው ስላልሰማ ይሁን ጽሑፉ አይለይም። መለየት የሰው ድርሻ ነው።

ቀዳሚው ምስክር እንግዲህ እነዚያ ሦስት መብራቶች ናቸው። ማሽኑን አጥፍቶ፣ ዐይንን ከስክሪኑ አንሥቶ ወደ ኪቦርዱ በማዞር፣ በከፈቱበት ቅጽበት መብራቶቹ ብልጭ ማለታቸውን መመልከት ይገባል። ክብ መሰኪያ ባለው አሮጌ ኪቦርድ ላይ ጭራሽ ካልበሩ፣ አምስት ቮልት የሆነው ኤሌክትሪክ ወደ ኪቦርዱ አልደረሰም ብሎ መጠርጠር ይገባልና፣ ጥርጣሬው በገመዱ፣ በመሰኪያው ወይም ማዘርቦርድ በተባለው የኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ ባለው ትንሽ ፊውዝ ላይ ይወድቃል። ብልጭ ብለው ከጠፉና ማሽኑ ግን አላገኘሁም ካለ፣ ኪቦርዱ ሕያው ነው፤ ቃሉን የሚያሻግረው መስመር ግን ታውኳል። በዩኤስቢ ኪቦርዶች ላይ ይህ ብልጭታ እንደ አሠራራቸው ስለሚለያይ በእርሱ ብቻ መፍረድ አይገባም።

ሁለተኛው ምስክር ከመጀመሪያው ይበልጥ የታመነ ነው፤ ይኸውም «ነም ሎክ» የተባለው ቁልፍ ነው። ብዙ ሰው ይህ ቁልፍ ሲነካ መብራቱን የሚያበራው ኪቦርዱ ራሱ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ቁልፉ መነካቱን ኪቦርዱ ለኮምፒዩተሩ ይነግረዋል፣ ኮምፒዩተሩ ደግሞ «መብራቱን አብራ» የሚል ትእዛዝ ይመልስለታል፣ ያን ጊዜ መብራቱ ይበራል። እንግዲህ ነም ሎክ በተነካ ቍጥር መብራቱ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ፣ ቃል ወደ ኮምፒዩተሩ ሄዶ፣ ትእዛዝ ከኮምፒዩተሩ ተመልሷል ማለት ነው፤ ገመዱም፣ ሶኬቱም፣ የኪቦርዱም አእምሮ ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱ በፕሮግራሙ ወገን ነው። መብራቱ ካልታዘዘ ግን ንግግሩ ተቋርጧል። ጥገና ቤት ከመሄድ በፊት ይህን አንድ ነገር ብቻ ያረጋገጠ ሰው የምርመራውን ግማሽ ጨርሷል ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚጠየቀው ኪቦርዱ ዝም ያለው መቼ ነው የሚለው ነው። ማሽኑ ገና ሲከፈት፣ የዊንዶውስ ምልክት ሳይታይ፣ «ዲሊት» ወይም «ኤፍ 2» የሚባለውን ቁልፍ (እንደ ማሽኑ ሥሪት ሌላም ሊሆን ይችላል) ደጋግሞ በመንካት ወደ ባዮሱ ገጽ መግባት ይሞከር። እዚያ ገብቶ በቀስት ቁልፎች ወዲያና ወዲህ ማለት ከተቻለና ዊንዶውስ ከተነሣ በኋላ ግን ኪቦርዱ ከሞተ፣ ጥፋቱ የዊንዶውስ ነው፤ በተቃራኒው በዊንዶውስ ውስጥ እየጻፈ ወደ ባዮስ መግባት ካልቻለ፣ ጥፋቱ የባዮሱ ቅንብር ነው፤ በሁለቱም ቦታ ዝም ካለ፣ ነገሩ የሚዳሰሰው አካል፣ ማለትም የገመድና የሶኬት ጉዳይ ነው። ያለ ምንም መሣሪያ ሊደረግ የሚችለው ሌላው ፈተና ኪቦርዱን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ፣ የሌላውንም ኪቦርድ በዚህኛው ላይ መሞከር ነው፤ በጽሕፈት ቤት ውስጥ ጎረቤት ማሽን አጠገብ እያለ ይህን ሳይሞክሩ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ አይደለም።

አሁን ወደ አካሉ እንግባ። በተለምዶ ሲፒዩ የሚባለው የአሮጌው ኮምፒዩተር ሣጥን ጀርባው ሲታይ ሁለት ትንንሽ ክብ ሶኬቶች ይገኛሉ፤ ፒኤስ 2 ይባላሉ፤ ስያሜያቸውንም ያገኙት አይቢኤም በ1987 እ.ኤ.አ. ካወጣው በዚሁ ስም ከሚጠራ የኮምፒዩተር ቤተሰብ ነው። ሐምራዊው የኪቦርድ፣ አረንጓዴው የማውስ ነው። ቅርጻቸው ፍጹም አንድ በመሆኑ አንዱ በሌላው ቦታ ያለ ችግር ይገባል፤ በብዙ ማሽኖች ላይ ግን ተለዋውጠው ከተሰኩ ሁለቱም አይሠሩም። ጠረጴዛ ተጠርጎ ወይም ማሽኑ ከቦታ ወደ ቦታ ተዛውሮ በማግስቱ «ኪቦርድና ማውሱ አንድ ላይ ተበላሹ» የሚል አቤቱታ ሲሰማ፣ በመጀመሪያ መታየት ያለበት ቀለሙ ነው።

ኮምፒዩተሩን ካጠፉና ከግድግዳው ሶኬት ከነቀሉ በኋላ የኪቦርዱን ክብ ጫፍ አውጥተው በብርሃን ፊት ለፊት ቢይዙት፣ በብረት ቀለበት ውስጥ ስድስት ቀጫጭን ፒኖችና አንድ አራት ማዕዘን የፕላስቲክ ምላስ ይታያሉ። ከስድስቱ ሥራ ያላቸው አራቱ ናቸው፤ አንዱ ኤሌክትሪኩን ያመጣል፣ አንዱ መመለሻው ነው፣ አንዱ ቃሉን ያሻግራል፣ አንዱም ቃሉ የሚሻገርበትን ጊዜ ይለካል። ፒኖቹ ቀጥ ብለው መቆም ሲገባቸው፣ ያላዩትን ሶኬት ከጠረጴዛ በታች በዳበሳ እያሽከረከሩ ለመሰካት ሲታገሉ አንዱ ይጎብጣል፤ የጎበጠውም ወደ ቀዳዳው ሳይገባ በጎን ተኝቶ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ፒን በቀጭን ወረንጦ ይዞ፣ ሳይቸኩሉ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ ማቅናት ይቻላል፤ በኃይል ከተጎተተ ግን ይሰበራልና ያን ጊዜ ገመዱን መቀየር ግድ ይሆናል። ከዚያም የፕላስቲኩን ምላስ ከሶኬቱ ቀዳዳ ጋር አስተካክሎ ሳያሽከረክሩ ቀጥ አድርጎ መግፋት ነው።

ማጥፋቱን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። ፒኤስ 2 ማሽኑ በርቶ ሳለ እንዲሰካና እንዲነቀል ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ በርቶ ሳለ የተሰካ ኪቦርድ ብዙ ጊዜ ማሽኑ እንደገና እስኪነሣ ድረስ አይታወቅም፤ አንዳንድ ጊዜም ከሶኬቱ አጠገብ ያለው ፊውዝ ይቃጠላል ወይም የመቆጣጠሪያው ክፍል ይጎዳል። ደጋግሞ እየነቀሉ መሰካት በዩኤስቢ ልማድ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ በአሮጌው ሶኬት ላይ ግን ይህ ልማድ ጎጂ ነው። ፊውዙ የተቃጠለበት ማሽን በብየዳ ይጠገናል፤ ይህም የባለሙያ ሥራ ነው፤ ሆኖም ማሽኑ የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለው ኪቦርዱን በዚያ በኩል መለወጥ ርካሹ መንገድ ነው።

ዩኤስቢ በ1996 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ደንቡ ታትሞ የወጣ ሲሆን፣ በጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ላይ ክቡን ሶኬት በአብዛኛው እስኪተካ ድረስ ግን ብዙ ዓመታት አልፈዋል። የዚያ የሽግግር ዘመን ማሽኖች የራሳቸው የሆነ ደዌ አላቸው። ባዮሳቸው የዩኤስቢን ኪቦርድ በገዛ ዐይኑ እንዲያይ «ዩኤስቢ ሌጋሲ ሰፖርት» ወይም «ዩኤስቢ ኪቦርድ ሰፖርት» የሚባል ቅንብር መከፈት አለበት፤ ይህ ቅንብር ከተዘጋ፣ ዊንዶውስ ተነሥቶ ኪቦርዱን የሚያናግርበትን ድራይቨር የተባለ ፕሮግራም እስኪጭን ድረስ ኪቦርዱ ለማሽኑ እንደሌለ ነው። በዚህም ምክንያት ዊንዶውስን በአዲስ ለመጫን የሚሞክር ሰው ከፍላሹ ወይም ከሲዲው እንዲነሣ ማንኛውንም ቁልፍ ንካ ሲባል ቢነካም የሚሰማው የለም።

ቅንብሩን ለመክፈት ወደ ባዮስ መግባት ያስፈልጋል፤ ወደ ባዮስ ለመግባት ደግሞ የሚሰማ ኪቦርድ ያስፈልጋል። ከዚህ ጠባብ ቦታ የሚያወጡ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ክብ መሰኪያ ያለው አሮጌ ኪቦርድ ተውሶ፣ በእርሱ ገብቶ ቅንብሩን ከፍቶ፣ መዝግቦ መውጣት ነው። ሁለተኛው፣ ማሽኑን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሲአር 2032 የምትባል የሳንቲም መልክ ያላት የሦስት ቮልት ባትሪ አውጥቶ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መመለስ ነው፤ ያን ጊዜ ባዮሱ ከፋብሪካ ወደ ወጣበት ቅንብር ይመለሳል፤ በብዙ ማሽኖችም ላይ በዚያ ቅንብር የዩኤስቢ ኪቦርድ የተፈቀደ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ግን ቀኑና ሰዓቱ እንደሚጠፋ፣ የሃርድ ዲስኩም አሠራር ተለውጦ ዊንዶውስ አልነሣም ሊል እንደሚችል አስቀድሞ ይወቅ፤ ዲስኩ «ኤኤችሲአይ» ወይም «አይዲኢ» ከሚባሉት በየትኛው ተቀናብሮ እንደ ነበር ማስታወሻ ላይ የያዘ አይቸገርም።

ባትሪዋን ካነሣን አይቀር፣ ማሽኑ በተከፈተ ቍጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ያለፈ ዘመን የሚያሳይ ከሆነ ባትሪዋ ደክማለች። መብራት በሄደና ማሽኑ ከኤሌክትሪክ በተለየ ጊዜ ሁሉ ቅንብሮቹ አብረው ይጠፋሉ፤ የፋብሪካው ቅንብር የዩኤስቢ ኪቦርድን በማይፈቅድበት ማሽን ላይ ይህ «አንድ ቀን የሚሠራ፣ አንድ ቀን የማይሠራ» የሚባለውን ግራ አጋቢ ኪቦርድ ይፈጥራል። መብራት በሚበዛበት ሳይሆን በሚቆራረጥበት አካባቢ ለምንሠራ ሰዎች ይህ ምክንያት በቀዳሚነት ሊታሰብ ይገባዋል። መድኃኒቱም ባትሪዋን ለውጦ ቅንብሩን እንደገና መክፈት ነው።

የዩኤስቢ ኪቦርድ ከሲፒዩው ፊት ለፊት ወይም በማከፋፈያ በኩል የተሰካ እንደ ሆነ፣ ወደ ጀርባው ተዛውሮ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ይሰካ፤ የፊቱ ቀዳዳ በውስጥ በኩል በቀጭን ገመድ የተያያዘ በመሆኑ አቧራም መላላትም ያጠቃዋል። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠሩ ማሽኖች ጀርባ ላይ ሰማያዊ ቀዳዳዎች ካሉ፣ እነርሱ የዩኤስቢ 3 ናቸው፤ ዊንዶውስ 7 ደግሞ ለእነርሱ የሚሆን ድራይቨር በውስጡ ስለሌለው፣ በባዮስ ውስጥ ሲሠራ የነበረ ኪቦርድ የዊንዶውስ 7 መጫኛ ገጽ ሲመጣ ይሞታል። ብዙ ጊዜ ወደ ጥቁሩ ቀዳዳ ማዛወር ይበቃል። የዩኤስቢን ጫፍ ወደ ክብ የሚለውጠው ትንሹ ሐምራዊ ማያያዣም ለሁሉ ኪቦርድ አይሠራም፤ በውስጡ ሽቦ እንጂ ተርጓሚ ስለሌለ፣ የሚያገለግለው ሁለቱንም ልሳን ለሚናገር ኪቦርድ ብቻ ነው። ገመድ አልባ ኪቦርድ በብሉቱዝ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ለአሮጌ ባዮስ ጨርሶ አይታየውም።

ጥፋቱ የዊንዶውስ መሆኑ ሲረጋገጥ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ድራይቨር ሳይሆን «ፊልተር ኪስ» የተባለው ነገር እንዲሆን እመክራለሁ። ይህ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች ታስቦ የተሠራ መልካም አገልግሎት ነው፤ ሲከፈት ፈጥኖ የተነካን ቁልፍ ሁሉ እንደ ስሕተት ቆጥሮ አይቀበልም፤ የሚከፈተውም የቀኙን «ሺፍት» ስምንት ሴኮንድ ተጭኖ በመያዝ ነው። በኪቦርዱ ላይ መጽሐፍ ወይም ክላሴር ተቀምጦ ከሆነ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ ሊከፈት ይችላል። ምልክቱ ይህ ነው፤ ቁልፉን እንደ ልማድ ሲነኩት ምንም የለም፣ ተጭነው ሲቆዩ ግን ፊደሉ ይወጣል። በኮንትሮል ፓነል ውስጥ በማውስ ብቻ ገብቶ መዝጋት ይቻላል። ይህ ካልሆነ፣ ዲቫይስ ማኔጀር በተባለው የዊንዶውስ ገጽ ውስጥ ኪቦርዱ ቢጫ ምልክት እንዳለበት አይቶ፣ እዚያው በማውስ አስወግዶ ማሽኑን እንደገና ማስነሣት ነው፤ ዊንዶውስ ሲነሣ ራሱ ፈልጎ ይጭነዋል። የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ገጽ ላይ የቆመ ሰውም ተስፋ አይቁረጥ፤ በዊንዶውስ 7 በገጹ ታችኛው ግራ፣ በዊንዶውስ 10 በታችኛው ቀኝ ባለው ምልክት በኩል በስክሪኑ ላይ የሚታይ ኪቦርድ ይከፈታልና፣ ቃሉን በማውስ እየጠቆመ መጻፍ ይችላል።

እዚህ ላይ ከጉዳያችን ጋር የሚምታታ አንድ ነገር መለየት አለበት። ኪቦርዱ እየጻፈ ነገር ግን የተፈለገውን አማርኛ ሳይሆን ላቲን ወይም አራት ማዕዘን ሳጥን ቢያወጣ፣ ማሽኑ ኪቦርዱን በሚገባ አውቆታል፤ የሳተው የቋንቋው ምርጫ ወይም ፎንቱ ነው። በግራ እጅ «ኦልት» እና «ሺፍት» አንድ ላይ ሲነኩ የቋንቋው ምርጫ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ተሳስቷል የሚባልበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

የቀረው ኪቦርዱ ራሱ በእውነት የታመመበት ጊዜ ነው። ከሥሩ ያሉትን ብሎኖች ፈትተው ቢከፍቱት፣ በብዙዎቹ ውስጥ ሦስት ስስ የፕላስቲክ ንጣፎች ተደራርበው ይገኛሉ፤ በላይኛውና በታችኛው ላይ የብር ቀለም ያላቸው ቀጫጭን መስመሮች ታትመዋል፤ መካከለኛው በየቁልፉ ሥር ቀዳዳ ያለው መለያያ ነው። ስኳር ያለው ሻይ ከፈሰሰበት፣ በሁለቱ ንጣፎች መካከል ገብቶ እንደ ሙጫ ያጣብቃቸዋል፤ አንድ ቁልፍ ሳይነካ እንደ ተነካ ሆኖ ይቀራል፤ ኮምፒዩተሩም ገና ሲነሣ በሚያደርገው ምርመራ ይህን አይቶ ስሕተት ሊያስታውቅ ይችላል። ንጣፎቹን ለያይቶ፣ ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ጨርቅ በቀስታ ጠርጎ፣ ፈጽሞ ሲደርቁ መልሶ መግጠም ይቻላል። የብሩ መስመር ተበልቶ ከተቋረጠ ግን ኪቦርዱን መተካት እንጂ መታገል ትርፍ የለውም፤ ያን ጊዜ «ተበላሽቷል» የሚለው ፍርድ በምስክር የተፈረደ ይሆናል።

ስለዚህ አሮጌ ማሽኖችን የምታስተዳድሩ የትምህርት ቤትና የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ሆይ፣ ክብ መሰኪያ ያለው፣ የሚሠራ አንድ ኪቦርድና አንዲት አዲስ ሲአር 2032 ባትሪ በቁም ሣጥናችሁ ውስጥ አስቀምጡ፤ የማሽኖቻችሁንም የባዮስ ቅንብር በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አኑሩት፤ ነም ሎክ ሳይሞከርና ኪቦርዱ በሌላ ማሽን ሳይፈተን ደግሞ ማንኛውም ኮምፒዩተር ከአገልግሎት ውጭ ተብሎ ወደ መጋዘን እንዳይገባ እዘዙ።